ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት የዘጋሁት ሱቅ፦ ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሳሻግር የገጠመኝ

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባልትና አላቸው፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ማር፣ ቅቤ ይሸጣሉ። አብዛኛው ደንበኛቸው አዲስ አበባ ነው ያለው። በድረ ገጹ ያዛል፣ እሳቸው በአውቶቡስ ይልካሉ። ድረ ገጹን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሱቄን ምን አደረግኸው?»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! አልከፍት ብሏል። ቆይ፣ ልጅቷ ታንብብልህ።»

ልጅቷ አነበበችልኝ። ገጹ ብዙ ጊዜ አዘዋውሮሻል ይላል፣ ከሥሩ ኩኪ (ድረ ገጹ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ መረጃ) አጥፊ ይላል። አጥፍታለች። ያው ነው።

የፋሲካ ቅቤ የሚታዘዘው በዚያ ሳምንት ነው። 55 ቀን ሙሉ ቅቤ ትዝ ያላለው ሰው በሙሉ ሰሙነ ሕማማት ላይ ትዝ ይለዋል። ሱቁን ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ የነካካሁት እኔው ነበርኩ። ልቤ ስንጥቅ አለ።

የነካካሁት በክፋት አይደለም። ክሮም ከሐምሌ 2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ በተራ ኤችቲቲፒ (መረጃው ሳይመሰጠር በሚሄድበት መንገድ) የሚከፈት ገጽ ሁሉ አድራሻው አጠገብ «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያወጣበታል። ደንበኞች እሱን አይተው ስልክ ቁጥራቸውንና ሰፈራቸውን ለመሙላት ይፈሩ ነበር። ስለዚህ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚኖርበት ኮምፒውተር) ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ በኤችቲቲፒ የመጣውን ሁሉ ወደ ኤችቲቲፒኤስ አሻግር የምትል። በኔ ኮምፒውተር ሞከርኩት፣ ከፈተ። ተኛሁ።

ከፈተ ያልኩት ነገር ራሱ ስህተት ነበር። ብሮውዘሬ ያሳየኝ ቀድሞ ያስቀመጠውን ገጽ ነው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ተራው ኤችቲቲፒ የሚገባው በፖርት 80 ነው፣ የተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ በፖርት 443። ሪዳይሬክት ማለት ፖርት 80 ላይ የተቀመጠው ዘበኛ «እዚህ አይደለም፣ በዚያኛው በር ግባ» ሲል ማለት ነው። የሚለውም በቁጥር ነው። 301 ካለ «ለዘለዓለም በዚያኛው ግባ» ማለቱ ነው፤ 302 ካለ «ለአሁኑ» ነው። ይቺ ልዩነት ቀላል ትመስላለች። እኔን ግማሽ ቀን አስለቅሳኛለች።

ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ብሮውዘሩን ደጋግሞ ማደስ ሆነ። ሞኝነት ነው። ብሮውዘር መጨረሻውን ብቻ ነው የሚነግርህ። ክሮም 20 ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ ተልኮ ሲሰለቸው ያቆማል፤ በመሃል ማን ወዴት እንደላከው ግን አይናገርም። እርምጃውን አንድ በአንድ የሚያሳየው ኩርል የምትባለው ትእዛዝ ናት። ገጹን ሳይሆን የመልሱን ራስጌ ብቻ አምጪ የሚለውን አማራጭ ጨምረህ ትጠይቃታለህ። «ተከተይ» ካላልካት ባለህበት ቆማ ወዴት እንደተላከች ትነግርሃለች።

መጀመሪያ ተራውን አድራሻ ጠየቅኩ። መልሱ 301፣ «ሎኬሽን» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ የኤችቲቲፒኤሱ አድራሻ። ትክክል። ቀጥዬ የኤችቲቲፒኤሱን አድራሻ ጠየቅኩ። መልሱ አሁንም 301። ሎኬሽን? ያው ራሱ የኤችቲቲፒኤሱ አድራሻ፣ አንዲት ፊደል ሳይለወጥ። ቤቴ ደጃፍ ቆሜ የቤቴን መንገድ ብጠይቅ «ወደ ቤትህ ሂድ» እንደተባልኩ ቁጠሩት።

ይህን ካያችሁ ብዙ አትድከሙ። የተመሰጠረውን አድራሻ ጠይቃችሁ ወደዚያው ወደ ተመሰጠረው አድራሻ ከተላካችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ ያለው ሰርቨር በየትኛው በር እንደመጣችሁ አያውቅም ማለት ነው። በመካከላችሁ አንድ ሰው ቆሟል።

የኔ መካከለኛ ክላውድፍሌር ነበር፤ በደንበኛውና በሰርቨሩ መካከል ቆሞ ጥያቄውን የሚያሳልፍ አገልግሎት። ከሁለት ዓመት በፊት ድረ ገጹን ከኋላው ሳስቀምጠው፣ ሰርቨሩ ላይ ሰርተፊኬት (ለመመስጠርና የድረ ገጹን ማንነት ለማረጋገጥ የሚያገለግል ፋይል) መትከል ስለሰነፍኩ «ፍሌክሲብል» የሚለውን ምርጫ ነካሁ። በዚህ ምርጫ ከደንበኛው እስከ ክላውድፍሌር ያለው መንገድ የተመሰጠረ ነው። ከክላውድፍሌር እስከ ሰርቨሬ ያለው ግን በፖርት 80 እርቃኑን ይሄዳል። ማታ ላይ ይህን ረስቼ ፖርት 80 ላይ ዘበኛ አቆምኩ።

ቢሮ ለቢሮ ተጉላልቶ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። መስኮት 1 ያለው ሰው ወረቀትህን ተቀብሎ ለመስኮት 2 ያቀብላል። መስኮት 2 «በመስኮት 1 በኩል ይምጣ» ይላል። ተመልሰህ መስኮት 1 ትሄዳለህ። እሱም ያንኑ ወረቀት ለመስኮት 2 ያቀብላል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ነው፤ አንተ ግን እየተሽከረከርክ ነው። በቢሮው «ነገ ና» ይሉሃል፣ ብሮውዘሩ «ኩኪ አጥፋ» ይልሃል። ኩኪው በበኩሉ ምንም አላደረገም።

ጥርጣሬዬን ያረጋገጥኩት በሰርቨሩ ሎግ (የመጣ ጥያቄ ሁሉ በሚመዘገብበት መዝገብ) ነው። 301 የሚለው ክላውድፍሌር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሰርቨሬ ድረስ አይደርስም፣ ሎጉም ባዶ ይሆን ነበር። እኔ በኩርል በጠየቅኩ ቁጥር ግን ሎጉ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፣ በፖርት 80 የገባ። ስለዚህ ላኪው የኔው ኤንጂንኤክስ ነው፤ ሰርቨሬ ላይ ገጾቹን የሚያቀርበው ፕሮግራም።

የጨመርኩትን መስመር አጠፋሁ፣ ውቅሩን (የኤንጂንኤክስን መመሪያ ፋይል) ፈተሽኩ፣ እንደገና እንዲያነበው ሪሎድ አደረግኩ። በኩርል ስጠይቅ 200 መጣ፣ «ገጹ ይኸው» ማለት ነው። በደስታ ብሮውዘሬን ከፈትኩ። አሁንም ይሽከረከራል!

ለምን? 301 «ለዘለዓለም» ነው ብዬ የለ? ብሮውዘሩ አምኖኝ አስቀምጦታል። ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ከራሱ ማስታወሻ እያነበበ ነው የሚሽከረከረው። በስውር መስኮት ስከፍተው ወዲያው ገባ። የእትዬን ልጅ ካሹን (ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን) እንድታጠፋ ነገርኳት፣ ለእሷም ሠራ። ጠዋት ሞክረው የሄዱትን ደንበኞች ግን ማን ይነግራቸዋል? ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ሪዳይሬክት ስሞክር በ302 ነው የምጀምረው። ሁለት ሦስት ቀን አይቼው ሰላም ከሆነ ወደ 301 እቀይረዋለሁ።

ሱቁ ተከፈተ እንጂ ችግሩ አልተፈታም፤ ትናንት ማታ ወደነበርኩበት ነው የተመለስኩት። እውነተኛው መድኃኒት ሰርቨሩ ላይ ራሱ ሰርተፊኬት ተክሎ ክላውድፍሌርን «ፉል ስትሪክት» ወደሚለው ምርጫ ማዞር ነው። ያኔ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጠራል፣ ሰርቨሩም በየትኛው በር እንደተገባ ያውቃል።

ሰርተፊኬቱን ከሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ለመውሰድ ሰርትቦት የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት «ድረ ገጹ ያንተ ከሆነ እዚህ ማህደር ውስጥ ይቺን ፋይል አስቀምጥ» ይላል፣ ከዚያ በፖርት 80 መጥቶ ያያታል። ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ። ምክንያቱን ሳላነብ አምስት ጊዜ ሞከርኩ። በስድስተኛው ላይ ጭራሽ ቆይ ተባልኩ። ለአንድ የድረ ገጽ ስም በሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ከከሸፈብህ መጠበቅ ግድ ነው። ሕማማት ባይሆን ቡና አፈላ ነበር። ቁጭ ብዬ ያላነበብኩትን ማንበብ ጀመርኩ።

መልሱ 403 ነበር፣ ክልክል ነው የሚል። ማን ከለከለው? እኔ። ድሮ ከሌላ ቦታ የቀዳሁት ውቅር ውስጥ «ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ማህደሮችን አታሳይ» የሚል ሕግ አለ። ጥሩ ሕግ ነው፣ ምስጢራዊ ፋይሎችን ይደብቃል። የሌትስ ኢንክሪፕት ማረጋገጫ ማህደር ስም ግን የሚጀምረው በነጥብ ነው። ለእሱ ብቻ ከሕጉ በላይ ፍቃድ ጻፍኩለት። በሚቀጥለው ሙከራ ሰርተፊኬቱ መጣ። ሌላም ምክር፦ ሌትስ ኢንክሪፕት የመለማመጃ ሰርቨር አለው። ሙከራችሁን እዚያ ጨርሱ፤ በዋናው ላይ የመክሸፍ ኮታችሁን አትጨርሱ።

ኤንጂንኤክስን ፖርት 443 ላይ አዘጋጀሁ፣ ክላውድፍሌርን ወደ ፉል ስትሪክት አዞርኩ። 522 የሚል ስህተት ወጣ። ከድጡ ወደ ማጡ። 522 ማለት ክላውድፍሌር ሰርቨርህን አንኳኩቶ የሚከፍት አጣ ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፋየርዎል አየሁ፣ 443 ክፍት ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። ለካ ሁለት አጥር ነው ያለው። ሰርቨሩን ያከራየኝ ድርጅት የመቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ሌላ ፋየርዎል አለ፣ እዚያ የተፈቀዱት 22 እና 80 ብቻ ናቸው። 443ን ጨመርኩ፣ ሠራ። ሪዳይሬክቱን ከመትከላችሁ በፊት 443 ከውጭ መከፈቱን ከሌላ መስመር፣ ለምሳሌ ከስልካችሁ ዳታ፣ አረጋግጡ። አዲሱ ድልድይ ሳያልቅ አሮጌው አይዘጋም።

ከዚህ በኋላ ሪዳይሬክቱን መለስኩት፣ በዚህ ጊዜ በሥርዓቱ። ለፖርት 80 የራሱ ብሎክ (የውቅሩ ክፍል)፣ ለ443 የራሱ። ሁለቱን በሮች አንድ ብሎክ ውስጥ አድርገህ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ አሻግር ካልክ ያው ሽክርክሪት ይመጣል፤ በ443 የገባውንም ወደ 443 ትልከዋለህ። የመንገዱን ቀሪ ክፍል ማስከተልም አትርሱ። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት የድረ ገጹን ስም ብቻ ነበር። እትዬ በቴሌግራም ለደንበኛ የላኩት የቅቤ ገጽ ማስፈንጠሪያ ሁሉ መግቢያው ገጽ ላይ ይጥላል።

ሰርቨሩ ላይ ሰርተፊኬት መትከል የማትችሉ ትኖራላችሁ። ያኔ መካከለኛው በሚልከው «ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ» የሚባል ራስጌ መለየት ይቻላል፤ ኤችቲቲፒ ካለ አሻግር፣ ኤችቲቲፒኤስ ካለ ዝም በል። ሽክርክሪቱ ይቆማል። ከመካከለኛው እስከ ሰርቨሩ ያለው መንገድ ግን አሁንም እርቃኑን ነው። የሰው ስልክ ቁጥር ለሚቀበል ሱቅ እኔ አልመክረውም።

ሐሙስ ማታ ሁሉም ሰላም ነው ብዬ ተኛሁ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ስግደት ሄድኩ። ማታ እትዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ አንድም ሰው አላዘዘም። በዓመት በዓል እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

«ሰው ቤተ ክርስቲያን ውሎ ይሆናላ እትዬ።»

«አይ! የአዲስ አበባ ሰው እየሰገደም ስልክ ይነካል።»

እውነታቸውን ነው። ሎጉን ከፈትኩ። እነሆ፣ ከአንድ ስልክ የመጡ ሁለት መስመሮች፦ የመጀመሪያው «ፖስት፣ የትዕዛዝ ገጽ፣ 301»። በአንድ ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛው «ጌት፣ የትዕዛዝ ገጽ፣ 200»። ፖስት የተሞላ ቅጽ መላክ ነው፣ ጌት ደግሞ ገጽ አምጣ ማለት። እንዲህ ያሉ ጥንዶች በዚያ ቀን 11 ቆጠርኩ። 11 ሰው ቅጹን ሞልቶ ልኳል፣ 11ዱም ጠፍቷል።

ቅጹን ድሮ ስጽፈው የሚላክበትን አድራሻ ሙሉውን፣ ከነኤችቲቲፒው፣ በእጄ ጽፌዋለሁ። ብሮውዘሩ የተሞላውን ቅጽ በፖስት ወደ ተራው አድራሻ ይልካል። ሰርቨሩ 301 ይላል። ብሮውዘር 301 ወይም 302 ሲቀበል ፖስቱን ወደ ጌት ይቀይርና ባዶ እጁን ይሻገራል። ቅቤው ስንት ኪሎ፣ ሰፈሩ የት፣ ስልኩ ስንት፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል። ደንበኛው የሚያየው ባዶ ቅጽ ነው። አንዳንዱ ስልክ ላይማ ገና ሳይላክ «የምትልከው መረጃ ደህንነት የለውም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። እሱን ያየ ፈርቶ ወጥቷል፤ ሎጉም ላይ የለም፣ ስንት እንደሆነ አላውቅም።

308 የሚባል ቁጥር አለ፣ ፖስቱን ሳይቀይር ከነዕቃው ያሻግራል። ፈጣን ማስታገሻ ይሆናል። ነገር ግን መረጃው የመጀመሪያዋን እርምጃ ሳይመሰጠር ሄዷል፤ ያ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሸሸነው ነገር ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ቅጹ ላይ ያለውን አድራሻ ማረም ነው። ፋይሎቹን በሙሉ በፍለጋ አሰስኩ፤ በተራው ኤችቲቲፒ የተጻፈ አድራሻ 40 ቦታ ያህል ወጣ። ግማሹ የሥዕል ነው፣ አንዱ ቅጹ። ዎርድፕረስ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የድረ ገጽ አድራሻዎች አስቀድማችሁ ቀይሩ፤ አለበለዚያ ሥዕሎቹ በድሮው አድራሻ እየተጠሩ ብሮውዘሩ ይቆጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ትዕዛዝ ገባ። እትዬ በጠራ ድምፅ «እሺ፣ ተመስገን» አሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ስልክ፣ ከፍኖተ ሰላም። የእትዬ ወንድም ናቸው።

«ልጄ፣ የእህቴ ሱቅ አደገኛ ነው ይለኛል። ሌባ ገብቶበታል እንዴ?»

በኔ ስልክ ይሠራል፣ በሁሉም ይሠራል። በጋሼ ስልክ ብቻ እምቢ አለ። ብዙ ከተጠያየቅን በኋላ «ጋሼ፣ እስቲ ስልኩ ላይ ያለውን ቀን ያንብቡልኝ» አልኳቸው። አነበቡልኝ። ዓመተ ምሕረቱ የኛ ነው! ጋሼ በገዛ እጃቸው አስተካክለውታል። «ስልኩ ሲገዛ ዓመቱን ተሳስቶ ነበር» አሉኝ፣ ኮራ ብለው።

ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው። የጋሼ ስልክ በፈረንጆቹ ቆጠራ 8 ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ የሱቁ ሰርተፊኬት ለእሱ ገና አልተወለደም። ድሮ በኤችቲቲፒ ሲገቡ ማንም ቀን አይጠይቃቸውም ነበር፤ ሪዳይሬክቱ ነው ያጋለጣቸው። ሰዓትና ቀኑን «በራሱ» ወደሚለው እንዲያደርጉት አስረዳኋቸው። ለኛ ቀን መቁጠሪያ የተለየ አፕ ጫኑ። ይህን ችግር ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ፣ ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አሁን «አንድ ሰው ላይ ብቻ እምቢ አለ» ስባል መጀመሪያ የምጠይቀው ዓመቱን ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። የእትዬ ሽሮ ከረጢት ስቲከር ላይ አድራሻው በዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩ ተጀምሮ ታትሟል። እኔ ሰርተፊኬቱን ያወጣሁት ያለሱ ላለው ስም ብቻ ነው። ሁለቱንም ስም በአንድ ሰርተፊኬት ውስጥ አስገቡ፤ ሪዳይሬክት ሰርተፊኬትን አይተካም፤ ብሮውዘሩ ሰርተፊኬቱን የሚያየው ሪዳይሬክቱን ከመስማቱ በፊት ነው።

ኤችኤስቲኤስ የሚባለውን ራስጌ ደግሞ አትቸኩሉበት። «ከዚህ በኋላ በተራው አድራሻ እንዳትመጣ» ብሎ ብሮውዘሩን የሚያስምል ነው። ብዙ ቦታ ተቀድቶ የሚገኘው ቁጥር 31536000 ሰከንድ ነው፣ አንድ ዓመት ሙሉ። ከነንዑስ አድራሻዎቹ ብዬ ተከልኩትና፣ ሰርተፊኬት በሌለው ንዑስ አድራሻ ላይ የነበረው የመጋዘን መመዝገቢያችን ተዘጋ። «ግድ የለም፣ አስገባኝ» የሚለው ቁልፍ ራሱ ይጠፋል። ቁጥሩን ዜሮ አድርጎ በኤችቲቲፒኤስ መላክ መሐላውን ያስፈታል፤ የሚፈታው ግን ተመልሶ ለመጣ ብሮውዘር ብቻ ነው። በ300 ሰከንድ ጀምሩ።

ሰርተፊኬቱ ለ90 ቀን ነው የተሰጠኝ። ሰርትቦት በራሱ ያድሰዋል፤ ኤንጂንኤክስ ግን ሪሎድ ካልተደረገ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ከታደሰ በኋላ ሪሎድ እንዲያደርግ ትእዛዝ አያይዙለት። ሌትስ ኢንክሪፕት ሊያልቅ ነው ብሎ ይልከው የነበረውን ኢሜይል በ2025 አቁሟል፣ እሱን አትጠብቁ።

አሁን ማንኛውንም ድረ ገጽ ሳሻግር አራት አድራሻ በኩርል እጠይቃለሁ፤ ተራውንና የተመሰጠረውን፣ በዳብልዩውና ያለሱ። ሦስቱ አንድ ቦታ መላክ አለባቸው፣ አራተኛው 200 ማለት አለበት። ከዚያ ቅጹን ራሴ ሞልቼ እልካለሁ። እትዬ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ያዘዝኩ መስሏቸው አንድ ጊዜ ልከውልኛል፣ ሒሳቡንም ተቀብለውኛል።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት እንደገና ደወሉ። ለደንበኞቻቸው «አድራሻው አጠገብ ቁልፏን ካያችሁ አትፍሩ» ብለው በቴሌግራም ለጥፈዋል፤ አንዷ ደንበኛ ቁልፍ የለም ብላ ሞግታቸዋለች።

«የከፈልኩህ ለቁልፏ አይደለም እንዴ?»

ክሮም የቁልፏን ምልክት በ2023 አንስቶ በቦታዋ ሁለት ተንሸራታች መስመሮች የሚመስል ምልክት እንዳስቀመጠ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። አላመኑኝም። ልጅቷ ስትነካላቸው ነው ያመኑት።